የሀገራችን የዱር አበባ በፓኬት፦ የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ ሪቪው

ይሄን የምጽፈው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲ ዙሪያ ለምትኖሩና ትንሽም ብትሆን ጓሮ ወይ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ላላችሁ ነው፣ ሌላ ቦታ ያላችሁም ግን መጨረሻው ላይ ጠብ የሚልላችሁ ነገር አለ። ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ትዕግስት ለሌለው ሰው ውጤቱን ቀድሜ ልናገር፦ ለአበባው አምስት ኮከብ፣ ለላከልኝ ኦንላይን ሱቅ ሶስት፣ ፓኬቱ ላይ ለተጻፈው መመሪያ ሁለት፣ እሱም በዝቶበት ነው።

ነገሩ የመጣው በእንቁጣጣሽ ሰበብ ነው። እዚህ ሀገር መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ከየት ይመጣል፣ ሁላችንም ግሮሰሪ ገብተን ያገኘነውን ቢጫ ዴዚ ገዝተን ጠረጴዛ ላይ እናደርግና "ያው አደይ ነው" እንባባላለን። እኔ ደግሞ የምፈልገው እውነት ከኛ ሀገር የሆነ፣ በዛ ሰሞን የሚያብብ፣ አንዴ ተክዬው በየዓመቱ የሚመለስ ነገር ነበር (አደይ ራሱ የአንድ ወቅት ተክል ነው፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል)። ስፈልግ ስፈልግ ያገኘሁት ይሄን ነው፣ ነጭ ሆኖ መሀሉ ወይን ጠጅ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሚጠጋ፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ በክረምት ዝናብ ለራሱ የሚበቅል የዱር ግላዲዮለስ። ከኢትዮጵያ እስከ ማላዊ ድረስ በምስራቅ አፍሪካ ይገኛል። የሚገርመው ግን እንግሊዝ ሀገር የትኛዋም አትክልት ወዳድ አሮጊት ታውቀዋለች፣ የእንግሊዙ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲም ለጓሮ ጥሩ ናቸው ለሚላቸው ተክሎች የሚሰጠውን ሽልማት ሰጥቶታል፣ እኛ ግን የምናውቀው ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን። ለማውቃቸው አበሾች ሁሉ ፎቶውን አሳይቼ "አውቀዋለሁ" ያለኝ የለም።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል፣ ካልተጠነቀቃችሁ ብር ያስወጣችኋልና። አንዱ ሱቅ አሲዳንቴራ ይለዋል፣ ሌላው ፒኮክ ኦርኪድ፣ ሌላው አቢሲኒያን ግላዲዮለስ፣ ሌላው ግላዲዮለስ ካሊያንተስ፣ በአሁኑ ትክክለኛ የሳይንስ ስሙ ደግሞ ግላዲዮለስ ሙሪየሌ ነው። ሁሉም አንድ ዕቃ ነው። ሆክስቴተር የሚባል ጀርመናዊ በፈረንጆች 1844 አሲዳንቴራ ባይከለር ብሎ ሰየመው፣ በ1932 ኬልዌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሙሪየሌ አለው፣ በ1973 ደግሞ ካሊያንተስ ተባለ፣ በኋላ ከሁለቱ የግላዲዮለስ ስሞች ቀድሞ የወጣው ይቅደም ተብሎ ወደ ኬልዌዩ ተመለሱ፣ ነጋዴዎቹ ግን የትኛውንም ስም አልጣሉም ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ስም ፈላጊ አለው። አንዷ ጓደኛዬ ፒኮክ ኦርኪድና አሲዳንቴራ ብላ ሁለት ፓኬት በሁለት ዋጋ ገዝታ ሁለቱም አንድ ዓይነት አበባ ሲያወጡ ደንግጣለች። ደግሞ ኦርኪድ አይደለም፣ ከኦርኪድ ጋር ዝምድናም የለውም፣ የአይሪስ ዘመድ ነው። ኦርኪድ የሚለው ለዋጋ ማስወደጃ ነው ባይ ነኝ።

ከዚህ የባሰ ግን አለ። ትልልቆቹ ኦንላይን ገበያዎች ላይ ገብታችሁ ፒኮክ ኦርኪድ ብላችሁ ስትፈልጉ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ባለ ቀስተ ደመና አበባ በዘር መልክ ሁለት ሶስት ዶላር ይላችኋል። አትግዙ! እንደዛ የሚባል ነገር የለም፣ ፎቶው በኮምፒውተር የተቀባ ነው። ይሄ አበባ ነጭ ነው፣ መሀሉ ጥቁር ቀይ ወይን ጠጅ ነው፣ አለቀ። ሲቀጥል ከዘር ቢበቅል እንኳን እስኪያብብ ሁለት ሶስት ዓመት መጠበቅ ነው፣ ሰው የሚገዛውም የሚተክለውም ኮርሙን ነው። ኮርም ማለት ከመሬት ስር ያለው ምግብ የሚያጠራቅም ድቡልቡል የግንድ ክፍል ነው፣ እንሰት የምታውቁ አሚቾ ስትሉ የምታስቡት ማለት ነው፣ ይሄኛው ግን ትንሽ፣ ቡናማ፣ ላዩ ቃጫ የመሰለ ልብስ ያለው።

እንግዲህ ወደ ግዢው። ሁለት መንገድ ሞክሬያለሁ። አንደኛው ትልልቆቹ የግንባታና የጓሮ ዕቃ መደብሮች ውስጥ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሸጠው ነው፣ ሁለተኛው አምፖል ነገር ብቻ የሚሸጥ (የመብራቱን አይደለም፣ እንደ ቱሊፕ ያለውን) ኦንላይን ሱቅ ነው። ዋጋው በሁለቱም መንገድ ርካሽ ነው፣ ሀያ አምስት ፍሬ በአስራ አምስት ዶላር አካባቢ፣ ለአንድ እቅፍ ጽጌረዳ ከምታወጡት ያነሰ። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ፓኬቱን አገላብጣችሁ በጣም በትንሽ ፊደል 8/10 ወይም 7/8 የሚል ቁጥር ፈልጉ፣ የኮርሙ ዙሪያ በሴንቲሜትር ማለት ነው። 8/10 ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት የማበብ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፣ ከዛ ባነሰ ቅጠል ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። ርካሽ ነው ብላችሁ የገዛችሁት ትንሽ ኮርም አንድ ክረምት ሙሉ ሣር አስመስሎ ያቆያችኋል፣ ይሄን ደግሞ ፓኬቱ ፊት ለፊት ያለው ቆንጆ ፎቶ አይነግራችሁም።

መደብር ውስጥ ያለው ጥቅሙ በእጅ መዳሰስ መቻሉ ነው። ከረጢቱ መረብ ስለሆነ በጣታችሁ አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጉት፣ ጠንካራ መሆን አለበት፣ ክብደት ሊኖረው ይገባል። ቀለል ካለ ደርቋል፣ ከለሰለሰ በስብሷል፣ ከላዩ ረጅም ነጭ ቡቃያ ካወጣ ደግሞ ሙቀት ውስጥ ብዙ ቆይቷል ማለት ነውና ተዉት። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሄዳችሁ ቅናሽ ብላችሁ የምታነሱት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ኦንላይን ያዘዝኩት በመጠንና በዋጋ ይሻል ነበር፣ ችግሩ አላላኩ ላይ ነው። ሱቁ (ስሙን አልጠራም፣ ለሌላ ሰው ጥሩ ሰርተው ሊሆን ይችላል) እንደየአካባቢያችሁ የአየር ሁኔታ በተገቢው ጊዜ እንልካለን ይላል፣ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ግን የኔ ዕቃ የደረሰኝ ጎረቤቶቼ ቲማቲም ተክለው ከጨረሱ በኋላ ነው። ስከፍተው ደግሞ ከመሀላቸው የተወሰኑት አረንጓዴ ሰማያዊ ሻጋታ አውጥተዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ላይ ላዩን ብቻ የሆነ ሻጋታ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ኮርሙ ጠንካራ ከሆነ ተክሉት፣ ምንም አይሆንም፣ እኔም የተከልኳቸው እንደዛ ዓይነቶቹ በቅለዋል። ጣት ሲነካው የሚሰረጎድና የሚሸት ግን ወደ ቆሻሻ ነው፣ ለሌላውም ያስተላልፋል። ለከስተመር ሰርቪሳቸው ኢሜይል ላክሁ፣ ፎቶ ላኪ አሉኝ፣ ላክሁ፣ ከዛ ፎቶው አልታየንም ሌላ ላኪ፣ ላክሁ፣ መጨረሻ ላይ በጣም ይቅርታ ብለው ሪፈንድ ሳይሆን የሱቅ ክሬዲት ሰጡኝ፣ ክሬዲቱ ደግሞ በዛው ሲዝን ካልተጠቀሙበት የሚቃጠል ነው፣ ሲዝኑ ደግሞ አልቋል። እንግዲህ ይሄን ምን ትሉታላችሁ። ትህትናቸው ግን አንደኛ ነው፣ እያንዳንዱ ኢሜይል በልብ ቅርጽ ነው የሚያልቀው። ሶስት ኮከብ ያልኩት ለዛ ነው።

አተካከሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፓኬቱ የሚዋሸው እዚህ ጋ ነው፣ ወይ ደግሞ ግማሹን ነው የሚናገረው። "ፀሐይ ወይም ከፊል ጥላ፣ ማንኛውም አፈር፣ ፐሬኒያል (በየዓመቱ ተመልሶ የሚበቅል)" ይላል። ይሄን ተክል ለመረዳት የሀገራችንን ወቅት ማሰብ ይበቃል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ሲጠጣ ያድጋል፣ ያብባል፣ ከዛ በጋው ሲገባ ቅጠሉ ይደርቅና ኮርሙ ደረቅ አፈር ውስጥ ተኝቶ እስከሚቀጥለው ክረምት ይጠብቃል። ማለትም ሲያድግ ውሃ፣ ሲተኛ ድርቀት ነው የሚፈልገው። ሜሪላንድ ደግሞ በበጋው (በፈረንጆቹ ሰመር ማለቴ ነው፣ ከዚህ በኋላ ሰመርና ዊንተር እላለሁ እንዳንደናገር) ሙቀትም ዝናብም ስላለ ይመቸዋል፣ በዊንተር ግን ቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን እርጥበትም አለ፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ዝናቡ ይዘንባል፣ ሸክላው አፈር ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ኮርሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ብርዱ ብቻ አይደለም፣ እርጥብ ሆኖ መቀዝቀዙ ነው። ይሄን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ በራሱ ይገባችኋል።

ስለዚህ "ማንኛውም አፈር" የሚለውን እርሱት። የኛ ሰፈር አፈር ቀይ ሸክላ ነው፣ ሲደርቅ ጡብ ሲረጥብ ጭቃ። ወይ ከፍ ያለ መደብ ሰርታችሁ ኮምፖስትና ሻካራ አሸዋ አደባልቁበት፣ ወይ በቃ ትልቅ ማሰሮ (ማለቴ የአበባ ማሰሮ) ውስጥ ትከሉት፣ እኔ አሁን የማሰሮው ደጋፊ ነኝ። ሰላሳ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ማሰሮ አስር ያህል ኮርም ይይዛል፣ ጠጋ ጠጋ ብለው ሲያብቡ ነው የሚያምሩት፣ መሬት ላይ አንድ አንዱን በታትናችሁ ብትተክሉት ቀጭን ስለሆነ ዓይን ውስጥ አይገባም። ጥልቀቱ አስር አስራ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ሾጣጣው ወደ ላይ ጠፍጣፋው ወደ ታች። "ከፊል ጥላ" የሚለውንም እርሱት፣ ሙሉ ፀሐይ ነው የሚፈልገው፣ ጥላ ውስጥ ቅጠሉ ይረዝምና አበባ የለም።

ጊዜው ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ከተተከለ እስኪያብብ ከሶስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። እዚህ አካባቢ ውርጭ የሚያቆመው ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ ወደ ሜይ መጀመሪያ ይጎትታል፣ አፈሩ ሞቅ ካላለ ደግሞ ኮርሙ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ሜይ አጋማሽ ላይ መሬት ብትተክሉት ኦገስት ማብቂያና ሴፕቴምበር ላይ ያብባል፣ ማለትም ጎሽ፣ ልክ ለእንቁጣጣሽ! ጁን ላይ ከተከላችሁት ግን ወደ ኦክቶበር ይገፋል፣ ከዛ ውርጩ ቀድሞት ሊመጣ ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ በትንንሽ ማሰሮ አስጀምሮ ውርጭ ሲያበቃ ማውጣት ነው። እኔ ዕቃው ዘግይቶ ስለመጣ ማስጀመር አልቻልኩም፣ ቀድሞ ከመደብር የገዛሁት ቤት ውስጥ የጀመረው ግን ከኦንላይኑ በደንብ ቀድሞ ነው ያበበው፣ ኦንላይኑ በመጠን ትልቅ ሆኖ ሳለ።

ውሃ ሰመር ላይ አትንፈጉት፣ ዝናብ ከጠፋ በሳምንት አንድ ሁለቴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ነው፣ ማሰሮ ውስጥ ያለው በሀምሌ ሙቀት በየቀኑም ሊጠይቅ ይችላል። ማዳበሪያ ላይ ግን ቆጠብ በሉ፣ ናይትሮጅን የበዛበት የሣር ማዳበሪያ ካደረጋችሁ ጎመን የመሰለ አረንጓዴ ነው የምታመርቱት።

አሁን ወደ ጥሩው ነገር። ኦገስት መጨረሻ ላይ ከቅጠሎቹ መሀል አንድ ቀጭን ዘንግ ብቅ ይላል፣ እምቡጦቹ በአንድ በኩል ተደርድረው፣ ከታች ወደ ላይ ነው የሚከፈቱት፣ አንዱ ሲጠወልግ ከላዩ ያለው ይተካል፣ ስለዚህ አንድ ዘንግ ብቻውን ረዘም ያለ ጊዜ ያቆያችኋል። አበባው የግሮሰሪውን ግላዲዮለስ አይመስልም፣ ያ ወፍራም፣ ድምቅምቅ ያለ፣ ንፋስ ሲመጣ ወድቆ የሚገኝ ነው፣ ይሄኛው አንገቱ ረጅም ሆኖ ወደ ታች ዘንበል ይላል፣ ስድስት ቅጠሎቹ ሾል ሾል ብለው ይዘረጋሉ፣ መሀል ላይ ያለው ወይን ጠጅ ደግሞ ጠርዙ በብሩሽ የተሳለ ነው የሚመስለው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ቀለሙ ወደ ነጩ በቀጫጭን መስመር እየፈሰሰ ነው የሚያልቀው። ድጋፍ እንጨትም ብዙ አይፈልግም፣ እኔ ጋ ከባድ ነጎድጓዳማ ዝናብ መጥቶ የጎረቤቴን ዳሊያ ሲያስተኛ እነዚህ ቆመው ነው ያደሩት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሽታው ነው፣ እሱም ቀን ቀን የለም ማለት ይቻላል፣ ሲመሽ ነው የሚመጣው። ተፈጥሮው ነው፣ ያ ረጅም አንገቱ ውስጥ ያለውን ማር ለመድረስ ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት ያስፈልጋል፣ የእሳት እራት ደግሞ የሌሊት ናት፣ ነጭነቱም የማታ ሽታውም እሷን ለመጥራት ነው። ስለዚህ ጓሮ ጥግ ላይ አትትከሉት፣ የምትቀመጡበት ጋ አድርጉት። እኛ ዴኩ ላይ የማሰሮዎቹን አጠገብ ቡና ስናፈላ ጎረቤታችን እማማ መጥተው ተቀመጡ፣ እጣኑ ገና አልተጨሰም፣ "ምን ሽቶ ነው የተቀባችሁት እናንተ?" አሉን። አበባውን አሳየኋቸውና ከሀገራችን ነው ስላቸው ጎንበስ ብለው አሸቱት፣ አገላብጠው አዩት፣ "እኔ እኮ ገጠር ነው ያደግሁ፣ ይሄን አላውቀውም፣ ከየት አመጣሽው?" አሉ። "ከሆላንድ" አልኳቸው። ሳቃቸውን ማቆም አቃታቸው።

እውነታቸውን ነው የሳቁት። ፓኬቱ ላይ የተመረተበት ሀገር ኔዘርላንድ ይላል፣ አብዛኛው ገበያ ላይ ያለው ኮርም የሚራባው እዛ ነው። እኛ ደግሞ ከዝዋይና ከሆለታ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ለሆላንድ እንልካለን። የነሱን ጽጌረዳ እኛ እያመረትን የኛን የተራራ አበባ እነሱ እያራቡ ይሸጡልናል፣ ሀገር ቤት ያላችሁ የአበባ ኢንቨስተሮች ይሄን እያያችሁ ነው? ኮርም እንደ ተቆረጠ አበባ በአንድ ቀን አይጠወልግም፣ ለወራት ይቀመጣል። በቃ ይሄን ለእናንተ ትቼዋለሁ። እግረ መንገዴን፣ "እንደዛ ከሆነ ከሀገር ቤት ስመጣ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አመጣዋለሁ" የምትሉ ካላችሁ ተዉት፣ ለመትከል የሚሆን ተክል ወደ አሜሪካ ለማስገባት የፋይቶሳኒተሪ ሰርተፊኬት (ከበሽታና ከተባይ ነጻ ነው የሚል ወረቀት) ያስፈልጋል፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል፣ ለአስራ አምስት ዶላር ዕቃ።

መጥፎ ጎኖቹን ልናገር። ስኩዊረል ኮርሙን ይበላል ሳይሆን አዲስ የተቆፈረ አፈር ሲያይ ሳይቆፍር ዝም ማለት አይችልም፣ ስለዚህ እስኪበቅል ድረስ ላዩ ላይ የዶሮ ሽቦ ጣል አድርጉበት። አጋዘኖቹ (ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ሆስታውን ግጠው የሚሄዱት) ይሄን ብዙም አይነኩትም፣ እኔ ጋ ሙሉ በሙሉ ተርፏል። ትሪፕስ የምትባል በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነፍሳት ግን የግላዲዮለስ ሁሉ ጠላት ናት፣ ቅጠሉ ላይ የብር ቀለም ያለው ጭረት ካያችሁ እሷ ናት፣ እምቡጡ ሳይከፈት ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ቶሎ ካያችሁት በጠንካራ ውሃ ማጠብና የተክል ሳሙና መርጨት ይረዳል። ውሻ ወይ ድመት ያላችሁ ደግሞ ኮርሙ ለነሱ መርዝነት አለው፣ እየቆፈረ የሚያኝክ ቡችላ ያለበት ቤት ውስጥ ባይሆን ይሻላል። ሌላው ቅሬታዬ፣ እስከ ኦገስት ድረስ ምንም የሚታይ ነገር የለውም፣ ቅጠል ብቻ ነው፣ ቶሎ ውጤት ለሚፈልግ ሰው ያናድዳል። ባለቤቴ ሐምሌ ላይ "ይሄ ሣር መቼ ነው የሚነቀለው" ብሎ ጠይቆኛል።

አሁን ፐሬኒያል የሚለው ጉዳይ፣ ሁለት ኮከብ የሰጠሁበት ዋና ምክንያት። ተክሉ ራሱ ፐሬኒያል ነው፣ ውሸት አይደለም፣ በየዓመቱ አሮጌው ኮርም ይሟሽሽና ከላዩ አዲስ ኮርም ይሰራል፣ ዙሪያውን ደግሞ ምስር ምስር የሚያካክሉ ልጆች ያፈራል። ግን የትም ሀገር ሜዳ ላይ ትቶት መሄድ ይቻላል ማለት አይደለም። እኛ ያለንበት ዞን 7 (በዊንተር ብርዱ ልክ አካባቢን የሚከፋፍለው የአሜሪካ የአትክልተኞች ካርታ ላይ) ድንበር ላይ ነው፣ ቤት ግድግዳ ስር ፀሐይ በሚያገኝ፣ ውሃ በማይቋጥር ቦታ ላይ ወፍራም ማልች (አፈሩን የሚሸፍን ገለባ ወይ የእንጨት ፍቅፋቂ) ተደርጎበት ሊተርፍ ይችላል፣ ሜዳ ላይ ሸክላ ውስጥ ግን ቁማር ነው። ከዛ በላይ ወደ ሰሜን ያላችሁ፣ ቦስተን፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር፣ መንቀል ግዴታ ነው፣ ፓኬቱ ይሄን አንድ መስመር ቢጽፍ ምን ነበረበት?

አነቃቀሉ ቀላል ነው። አበባው ሲያልቅ ቅጠሉን አትቁረጡት፣ ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው፣ የሚቀጥለውን ዓመት ኮርም የሚያወፍረው ያ ቅጠል ነው። የመጀመሪያው ውርጭ ቅጠሉን እስኪመታው ጠብቁ፣ እዚህ ኦክቶበር መጨረሻ ወይ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ ከዛ ቆፍራችሁ አውጡት፣ ግንዱን ከኮርሙ በላይ አምስት ሴንቲሜትር ትታችሁ ቁረጡ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ሁለት ሶስት ሳምንት አድርቁት። ሲደርቅ ከስሩ ያለው ጭምድድ ያለ አሮጌ ኮርም በእጅ ሲጎነትሉት ቀጭ ብሎ ይላቀቃል፣ እሱን ጣሉት። አዲሱን በወረቀት ከረጢት ወይ በመረብ አድርጋችሁ ቤዝመንት፣ ደረቅና ውርጭ የማይደርስበት ቦታ። ፕላስቲክ ውስጥ አትዝጉት ይሻግታል፣ ፍሪጅ ውስጥም አያስፈልግም፣ ቱሊፕ አይደለም። በማሰሮ ለተከላችሁ የበለጠ ቀላል ነው፣ ማሰሮውን እንዳለ አስገብታችሁ ውሃ ሳታጠጡ እስከ ፀደይ መተው፣ የሀገር ቤቱን ደረቅ በጋ ሰጣችሁት ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት የማያብብ ብዙ ሰው ይገጥመዋል፣ እኔም ከተቀመጡት ውስጥ ያበቡት ግማሽ ያህሎቹ ናቸው። ምክንያቱ ዘግይቶ ማበቡ ነው፣ አብቦ ሲጨርስ ውርጭ ይደርስና ኮርሙ ለመወፈር ጊዜ አያገኝም። ለዚህ ነው ብዙ ፈረንጅ በየዓመቱ አዲስ የሚገዛው፣ ዋጋው ርካሽ ስለሆነም አይቆጫቸውም። እኔ የማደርገው ያጠራቀምኩትን ኤፕሪል ላይ ቤት ውስጥ አስጀምሬ፣ ላዩ ላይ አንድ አዲስ ፓኬት እየጨመርኩ ነው። ትንንሾቹን ልጆች ደግሞ በሌላ ማሰሮ ለብቻ ዘርቻቸዋለሁ፣ ሁለት ሶስት ዓመት ይፈልጋሉ፣ አሁን የሽንኩርት ቅጠል መስለው ቆመዋል።

ሌላ ቦታ ላላችሁ፣ ለንደን አካባቢ ያላችሁ ሰመራችሁ ቀዝቀዝ ስለሚል ማበቡ ሊዘገይ ይችላል፣ ቤት ውስጥ ማስጀመር ለእናንተ የግድ ነው፣ ማሰሮውን ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ስር አድርጉት። ካሊፎርኒያ ያላችሁ የታደላችሁ ናችሁ፣ መሬት ውስጥ ትታችሁት ይመለሳል፣ ሰመር ላይ ግን ዝናብ ስለሌላችሁ ውሃ ከእናንተ ነው። አፓርትመንት ውስጥ ሆናችሁ ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ብቻ ያላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ፀሐይ ከሌለ አበባ የለም።

ለቆረጣም ይሆናል፣ ከታች ያለው የመጀመሪያው እምቡጥ ሲከፈት ጠዋት ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ብታደርጉት ሌሎቹ ቤት ውስጥ ይከፈታሉ፣ ግን ስትቆርጡ ቅጠሎቹን ለተክሉ ተዉለት። በዓል ላይ አንድ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ሳሎን አስቀምጬ ማታ ላይ ሰው ሲገባ ጠየቀኝ፣ ሁሉም ከየት እንደገዛሁት ብቻ ነው የሚያወራው፣ ለዛም ነው ይሄን ሁሉ አንድ ቦታ ልጻፈው ያልኩት።

ማዘዝ ለምትፈልጉ፦ ፌብሯሪ ላይ እዘዙ፣ 8/10 ወይ ከዛ በላይ የሚለውን ምረጡ፣ የመላኪያ ቀን እራሳችሁ እንድትመርጡ የሚፈቅድ ሱቅ ካለ እሱን ውሰዱና ኤፕሪል የመጀመሪያው ሳምንት በሉት፣ ሲደርሳችሁ በዛው ቀን ካርቶኑን ከፍታችሁ ፎቶ አንሱ፣ የተመላሽ ፖሊሲው ክሬዲት ነው ወይስ ጥሬ ገንዘብ የሚለውንም ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ።